የቆረጥኩት ቀስት

ሐሙስ ነበር ቀኑ፤ ሂርማታ ሞልቷል፤
ነዚፍ አባ ጨብሳ ትራክተር ገዝቷል።
በሊዝ ነው የገዛው፣ የአምስት ዓመት ዕዳ፤
ቀይ ነው፣ ወንበሩ ገና ከነላስቲኩ፣ ጭቃ ያልነካው እንግዳ።

"አንድ ነገር አስቸገረኝ" አለ ከላይ ሆኖ፣
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እንደ ንጉሥ ገኖ፤
"ይሄ ከኋላዬ የቆመ ብረት ምንድን ነው?
የዋንዛውን ቅርንጫፍ፣ የመጋዘኔን ጣራ የሚታከከው።
ቁረጥልኝ።"

እኔ የሃያ ዓመት በያጅ፣
ነገር እንዳልገባው ልጅ፣
ለምን ቆመ ሳልል፣ ስንት ትከፍላለህ ብቻ ብዬ፣
በግራይንደር ቆረጥኩት፣ ብልጭታው ሲረግፍ ከቱታዬ።
ሁለት እግር ነበረው፤ ሁለቱም ወደቁ።
አራት መቶ ብር። ሁለት ሻይ። ተጨባበጥን፤ የቆሙት ሳቁ።

ነዚፍ በሬ ነው የሚያውቀው። በሬ ገደል ካየ
ይቆማል፤ ጅራፍ ቢያርፍበትም፣ ከጌታው ቀድሞ ለየ።
ብረት ግን አይሰጋም፤ ያዘዙትን ያርሳል፣
ክብደቱን ከደረቱ ላይ ተሸክሞ ይገሰግሳል፤
ያ ክብደት ከጎማው ወሰን አንድ ስንዝር ካለፈ፣
መሪም፣ ፍሬንም፣ የሰው ጉልበትም ሁሉም ከሸፈ።

መስከረም ጠባ። ዴዶ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበረ፣ ማሳውን የሚያጣብብ።
ሰንሰለት አመጣ። ከታች፣ ከመጎተቻው ዘንግ በማሰር ፈንታ፣
ከወንበሩ ሥር ቋጠረው፣ ጉልበት መስሎት ከፍታ።
ክላቹን ለቀቀ። ጉቶው እንቢ አለ።
የኋላው ጎማ መሬት ነክሶ ቀረ፤ የፊቱ ተንጠለጠለ።
ቢስሚላህ ጀመረ፤ ቃሉን ሳይጨርሳት
ሰማዩ ከእግሩ ሥር ገባ፣ ቀዩ ብረት ከላይ መጣበት።

ያተረፈው ቦይ ነው። አምና ዘሃራ ስትቆፍረው
"መሬቴን ፈጀሽው" ብሎ የተቆጣው፣ የሰደበው።
እዚያ ውስጥ ወደቀ፤ ብረቱ ከቦዩ አፍ ላይ ቀረ፤
ከውጭ የዋለው እግሩ ብቻ እንደ ሸንኮራ ተሰበረ።

በኅዳር በባጃጅ መጣ፣ ክራንቹን ታቅፎ።
ቀስቱ እዚያው ነበር፣ ከግድግዳዬ ተደግፎ፣
የረዳቴን ቱታ አስጥተንበት፣
ሦስት ወር ሙሉ ሳላፍር ያለፍኩበት።

"መልሰህ በይደው" አለኝ።
አንገቴን ደፋሁ።
ስንቱን ብረት ጠግኛለሁ፤ ይሄን ግን ፈራሁ።
"ነዚፍ፣ የበር መቃን አይደለም፤ የነፍስ መቃን ነው፤
ሙሉ ሆኖ ተፈትኖ የመጣ፤ የእኔ ስፌት ዓይንን እንጂ ክብደትን አያታልለው።
በተገለበጠ ቀን፣ እዚያው ከስፌቱ ላይ ይለቃል፤ ያኔ ግን
ሁለተኛ ልቆርጥህ ነውን?"

አዲሱን ከአዲስ አበባ እንዲያስመጣ ቁጥሩን ጻፍኩለት፣
በብሎን የሚታሰረውን፣ ከነቀበቶው፣ ፋብሪካው ያወጣለት።
አራት መቶዋን ብር ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ።
ክራንቹን አነሳ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ትራክተር ከደጄ ሲቆም፣
መቁረጫዬን ሳላነሳ ጥያቄ አበዛለሁ፤ ደንበኛ ቢቀየም ይቀየም።
ቀስቱ የታለ? ቀበቶውስ? ቀስት ያለ ቀበቶ
ማለት ከጣራ ውጭ መተኛት ነው፣ ቤት ሠርቶ።
ያስፈራህን ዳገት በአግድም አትሂደው፤ ውጣ ውረድ በቀጥታ፤
ከቦይ አፍ ራቅ፤ አፈር ዝናብ ከጠጣ ይከዳል በዝምታ።
ልጁን ከጭቃ መከላከያው ላይ አውርደው፣ እያለቀሰም ቢሆን።
ሰንሰለትህን ከታች እሰር። ከታች። ሰማኸኝ? ከታች እንዲሆን።

አሮጌው ቀስት አሁንም ከግድግዳዬ ነው።
ለአጥር በር የጠየቁኝ አሉ፤ አልሸጥኩም፤ ቱታውን ብቻ አነሳነው።
ነዚፍ ባለፈው ሐሙስ አለፈ፣ እያነከሰ ወጥቶ፣
ከኋላው አዲሱ ጥቁር ቀስት፣ ቀበቶው ደረቱን ገትቶ።
"ጣራውስ?" አልኩት ጮክ ብዬ። "ዋንዛውስ?"
እጁን አወዛወዘ፤
"ጣራውን ከፍ አደረግኩት። ቅርንጫፉን መጋዝ ወሰደው" አለና ተጓዘ።